ሳይሸራረፍ ስምንት ሳምንት

የፈቃድ ማመልከቻዋ ጸድቆ ሲመለስላት የኬዚያ ዓይን ፊርማው ላይ አላረፈም። ያረፈው ስርዙ ላይ ነው። ከሶስት ሳምንት በኋላ ካለው ሰኞ ጀምሮ ስምንት ሳምንት ብላ ነበር የጠየቀችው፤ አለቃዋ ብራዮኒ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰኞንና ማክሰኞን ሰርዛ «ከረቡዕ ጀምሮ» ብላ ጽፋበታለች። ሁለት ቀን ናት የጎደለችው። ለሌላ ሰው ሁለት ቀን ምንም አይደለችም። ኬዚያ ግን ወረቀቱን ይዛ የጭነት ማንሻ ፎርክሊፍቷ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች፤ ሞተሩን ማጥፋትም ረሳች።

በአውስትራሊያ ሰሜን ጫፍ በሚገኙት የቶረስ ሰርጥ ደሴቶች ላይ ሰው የሚበላውም የሚለብሰውም የሚመጣው ከኬርንስ በምትነሳው የጭነት ጀልባ ነው። ሩዙ፣ ዱቄቱ፣ ነዳጁ፣ አልጋው፣ የሬሳ ሳጥኑ ሳይቀር። ጀልባዋ የፊት መወጣጫዋን ወደቡ ላይ ዘርግታ አፏን ስትከፍት ያንን ሁሉ የምታወርደው ኬዚያ ናት። አስራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ካርቶን እንቁላል ሰብራ አታውቅም፤ ይህንንም ሳትጠየቅ ትናገራለች። ደሴቲቱ ውስጥ እሷ ያላወረደችው ፍሪጅ ያለበት ቤት ካለ አሳዩኝ።

አባቷ ሳሙ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ይቀበራል እንጂ ለቅሶው አያበቃም። ቤተሰብ ዓመታት ፈጅቶ ይሰበስብና ሐውልት ያስመጣል፤ ሐውልቱ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቆምና ዘመድ አዝማድ ከየደሴቱ በተሰበሰበበት ይገለጣል፤ ያን ቀን ይበላል፣ ይጨፈራል፣ ሐዘኑም ያን ቀን ይወጣል። ለሳሙ ሐውልት ኬርንስ ያሉት ወንድሞቿ ጥቁሩን ድንጋይ ገዙ፤ አጎቶቿ ለድግሱ የሚሆነውን ኤሊ ሊያጠምዱ ቃል ገቡ። ኬዚያ የበኩር ልጅ ናት፤ እሷ ያዋጣችው ቀን ነው። ለሶስት መቶ እንግዳ ቤት ማሰናዳት፣ ስኳር ድንቹንና ቦዬውን ማድረስ፣ ለጨፋሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀሚስ መስፋት በምሳ ሰዓት የሚያልቅ ስራ አይደለም። ስለዚህ በዓመት ካላት አራት ሳምንት ሁለቱን ብቻ እየወጣች፣ ሁለቱን እያስቀመጠች፣ በአራት ዓመት ስምንት ሳምንት አጠራቀመች።

ዋናው መስሪያ ቤት ሁለት ጊዜ «ፈቃድሽ ተከምሯል፣ ውጪ» ብሎ ጻፈላት። «ቀኑ ሲደርስ እወጣለሁ» ብላ መለሰች። የወደቡ ሰዎች ደግሞ «ለልጅ ልጆችሽ ልታወርሺው ነው እንዴ?» እያሉ ሳቁባት። ይሳቁ። አባቷ በወጣትነታቸው በዛጎል አጥማጅ መርከብ ላይ ጠላቂ ነበሩ። እናታቸው መሞቷን ሲሰሙ ካፒቴኑን ቢለምኑ «ወቅቱ ሲያልቅ ትሄዳለህ» አላቸው። ከተቀበረች በአስራ አንደኛው ቀን ደረሱ። ያን ታሪክ ሲያወሩ ሁልጊዜ «ደረስኩ» የሚለው ላይ ያቆሙ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማንም አልተናገሩም። ኬዚያ ያንን ታውቃለች፤ ለዚህ ነው ከስምንቱ ሳምንት አንዲት ሰዓት እንኳን እንድትሸራረፍባት ያልፈለገችው።

ወረቀቱን ይዛ ወደ ቢሮ ገባች። ብራዮኒ ከብሪዝበን ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ፀሐይ አፍንጫዋን የላጣት ወጣት ሴት ናት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለቻት ኬዚያ፣ ጣቷን ስርዙ ላይ አድርጋ።

«እሱን ልነግርዎት ስል ነው የመጡት እትዬ ኬዚያ!» አለች ብራዮኒ ፊቷ በርቶ። «ከኬርንስ ደውለው ነበር። የአባትዎ ሐውልት ማክሰኞ ጠዋት ይገባል፤ አራት መቶ ሰማንያ ኪሎ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ከእርስዎ እጅ ሌላ ማን ሊነካው ነው? ሰኞ መወጣጫውን ያዘጋጃሉ፣ ማክሰኞ አባትዎን በክብር ያወርዳሉ፣ ከረቡዕ ጀምሮ በነፃነት መውጣት ነው።»

ክፋት ቢሆን ኖሮ ኬዚያ መልስ አታጣም ነበር። ልጅቷ ግን ስጦታ የሰጠች ያህል ደስ ብሏት ስታያት ንዴቷ በረደ።

«ስሚኝ ልጄ» አለች ወንበር ስባ። «የሟች ልጅ ሐውልቱን አይነካም። እስኪገለጥ ድረስ አያየውምም።»

«በእንጨት ሳጥን ነው እኮ የሚመጣው፣ አይታይም።»

«በወርቅ ሳጥን ቢመጣም። የሚነካው አማች ነው። ማሪጌት እንላቸዋለን። አባቴን ያጠቡት፣ የቀበሩት እነሱ ናቸው፤ የሚያቆሙትም እነሱ ናቸው። እኔ ባወርደው ሶስት መቶ ሰው ፊት ነው የምዋረደው። ከሰው ሁሉ በላይ ደግሞ አባቴ ፊት።»

ብራዮኒ ፊቷ ቀላ። «አላወቅኩም» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ግን እትዬ ኬዚያ፣ ሌላው ነጂያችን በሰኔ ለቆ ሄዷል፤ የእርስዎ ተተኪ የሚደርሰው ረቡዕ ነው። ያለ መንጃ ወረቀት ማንንም እዚያ ማሽን ላይ ማውጣት አልችልም። ጀልባዋ ደግሞ ውኃው ሳይሸሽ መውጣት አለባት፤ ካላወረድንላት ይዛው ትመለሳለች፣ የምትመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ምን ላድርግ?»

«ቀኖቹ የማን ናቸው?»

«ምን?»

«ስምንቱ ሳምንት የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው እንጂ።»

«ሰርቼበታለሁ አይደል? በሰራሁት ሳምንት ሁሉ ሶስት ሰዓት ገደማ ስትጠራቀም ኖራ ነው እዚህ የደረሰችው። አንቺ ከእኔ ጋር የምትነጋገሪው መቼ እንደምወጣ ነው። ሰጪና ነሺ ግን አይደለሽም።»

እንዲህ ብላ ለአለቃ ተናግራ አታውቅም። አስራ አራት ዓመት ፈቃድ ስትጠይቅ ድምፅዋ ዝቅ ይል ነበር፤ እንደሚለምን ሰው። ያን ቀን አልለመነችም፤ ራሷም ገረማት።

«ልክ ነዎት» አለች ብራዮኒ።

«ወረቀት ያለው ነጂ ከተገኘ ስርዙን ታነሺዋለሽ?»

«በዚያችው ደቂቃ።»

«እንግዲያው ነጂ አለ።»

«ማን?»

«ባሌ።»

ብራዮኒ ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በእጇ ያዘች። «ጋሽ ማላካይ? ሎብስተር የሚያጠምዱት? መኪና እንኳን ይነዳሉ?»

«አይነዳም» አለች ኬዚያ። «ሃያ ሶስት ቀን አለን።»

ማላካይ ቤቱ ጓሮ ተቀምጦ ትንሿን የሞተር ጀልባውን መልህቅ ገመድ እየቀጠለ ነበር። ደረቱ ሰፊ፣ ወሬው ዝግ ያለ፣ ቀልዱ የማያልቅ ሰው ነው። ሰላሳ ዓመት ባሕር ውስጥ ሲጠልቅ ለማንም ተቀጥሮ አያውቅም፤ በዚህም ይኮራል።

«ስራ ተገኝቶልሃል» አለችው።

«ስራ ፈታ ብሎ ያማኝ ማን ነው?»

«የሁለት ቀን ስራ ነው። ፎርክሊፍት።»

ገመዱን ጭኑ ላይ ጥሎ ሳቀ፤ ሳቁ ጎረቤት ተሰማ። «እሜቴ፣ እኔን? እኔ እኮ ብስክሌት ላይ የወጣሁ ቀን ዶሮ የገደልኩ ሰው ነኝ!»

«ማክሰኞ የሚገባውን የምታወርደው አንተ ነህ። እኔ እንዳወርደው ጽፈውብኝ ነበር።»

ሳቁ ቆመ። ልጃቸውን የዳሩለትም፣ ባሕሩን ያስተማሩትም ሳሙ ናቸው፤ የሞቱ ቀን ያጠባቸው ደግሞ እሱ ነው። ገመዱን አንስቶ ጠመጠመ፣ እንደገና ፈታው።

«የእኔ ነበር» አለ። «ሳይጠየቅ የእኔ ስራ ነበር። አስተምሪኝ። ብትጮሂብኝ ግን ወደ ባሕሬ ነኝ።»

«እጮህብሃለሁ» አለችው።

ጮኸችበትም። በየቀኑ ከስራ ሰዓት በኋላ ባዶው የወደብ ሜዳ ላይ አወጣችው፤ ብራዮኒ ደግሞ የልምምድ መዝገቡን እየፈረመች ከበሩ ስር ቆማ ታያለች። በመጀመሪያው ቀን ማላካይ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ብሎ በማሽኑ ኋላ የነዳጅ በርሜል ገፋ። በሶስተኛው ቀን በእንጨት ርብራብ ላይ የተደረደረ የዱቄት ከረጢት በብረት ክንዶቹ ወጋ። ዱቄቱ ከአናቱ እስከ ጫማው አለበሰው፤ እሱም ከመቀመጫው ሳይወርድ «አሁን ለብሪዝበኑ ቢሮ ነጭ ሰራተኛ መጣላችሁ» ብሎ ብራዮኒን በሳቅ ገደላት። ለባለሱቁ በዱቄቱ ፋንታ አራት ትልልቅ ሎብስተር ሰጠ፤ ባለሱቁም «ነገም ና» አለው።

በአስረኛው ቀን ኬዚያ ተስፋ ልትቆርጥ ደረሰች። የሚያጠፋው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፣ መታጠፊያው ላይ። ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በኋላ ጎማው ነው፤ አፍንጫውን እያየህ ስትዞር ጅራቱ ወጥቶ ያለውን ይመታል። ለመቶኛ ጊዜ ይህንኑ ልትነግረው አፏን ከፍታ፣ የጀልባው ሞተር ትዝ አላት።

«ማላ፣ ጀልባህን በምንድን ነው የምታዞረው?»

«ከኋላዋ ነዋ። ሞተሩ የት አለና?»

«አፍንጫዋን ነው ጅራቷን የምታየው?»

«ጅራቷን። ድንጋይ የሚመታው እሱ...» አለና አቆመ። አንዴ ወደ ኋላ ጎማው፣ አንዴ ወደ ሚስቱ አየ። «ይሄን ነገር በመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ከዚያ በኋላ አልጮኸችበትም። ማለቴ፣ እንደ በፊቱ አልጮኸችበትም።

ብራዮኒ የሁለት ቀን የቅጥር ውል ይዛ ስትመጣ ማላካይ መነጽር ተውሶ ቁጥሩን አየና ወደ ሚስቱ ዞረ። «እሜቴ፣ በሰዓት ከአንቺ እበልጣለሁ እኮ! በአስር ቀን ልምምድ!»

«እሱ ጊዜያዊ ሰራተኛ ስለሆንክ ነው» አለችው። «ሃያ አምስት በመቶ የተጨመረልህ ፈቃድ ስለሌለህ ነው። ብትታመም አይከፈልህም፣ ብትተኛ አይከፈልህም። የአንተ እረፍት ተመንዝሮ ከሰዓቱ ጋር አብሮ ገብቷል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ተቀምጬ ይከፈለኛል። በዚያ ላይ ፈቃድ ላይ እያለሁ አስራ ሰባት ተኩል በመቶ ይጨመርልኛል።»

ማላካይ መነጽሩን አወለቀ። «ከቆመው ይልቅ ለተጋደመው ጨምሮ የሚከፍል አገር! እኔ ሰላሳ ዓመት ባሕር ውስጥ ምን ስሰራ ነበር?»

የመንጃ ወረቀት ፈታኙ በወር አንድ ጊዜ ነው በአውሮፕላን የሚመጣው፤ ከጀልባዋ ስድስት ቀን ቀድሞ መጣ። ማላካይ የጽሑፉን ጥያቄ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንድ በአንድ መለሰ፤ አንዲት ብቻ ሳተ። ፈታኙ «ጭነቱ መዘንበል ቢጀምር ምን ታደርጋለህ?» ሲለው፣ «እጸልያለሁ» አለ። ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ክንዶቹን ቀስ ብዬ ዝቅ እያደረግኩ» ብሎ ጨመረበት ማላካይ። ሜዳው ላይ ሲነዳ ኬዚያ ልታይ አልቻለችም፤ መጋዘን ገብታ ባዶ ካርቶን ስታጣጥፍ ቆየች። ሲጠራት ወጣች። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ እንደ ልጅ እያውለበለበ ነበር። ብራዮኒ ያቺኑ ቀን አዲስ ማመልከቻ አስሞላቻት፤ ከሰኞ ጀምሮ ስምንት ሳምንት፣ ስርዝ የለበትም።

ማክሰኞ ጠዋት ኬዚያ ቤቷ ፊት ለፊት ከማንጎው ስር ከአክስቷ ከሮሲና ጋር ልብስ ትሰፋ ነበር። ቤቷ ከወደቡ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም፤ ስለዚህ ጀርባዋን ለወደቡ ሰጥታ ነው የተቀመጠችው። የጀልባዋን ጡሩምባ ሰማች። መወጣጫው ኮንክሪቱ ላይ ሲያርፍ ሰማች። ፎርክሊፍቱ ሲነሳ፣ ወደ ኋላ ሲል የሚያሰማው ጢጥታ ሲጀምር፣ እጇ መርፌው ላይ ቆመ። በድምፅ ብቻ የት እንደደረሰ ታውቃለች። ገባ። ክንዶቹን ሰደደ። አነሳ። ሞተሩ ጭነት ሲሰማው ድምፁ ይወፍራል። ወጣ፣ ወጣ፣ መወጣጫው ጋ ደረሰ። ከዚያ ድምፁ ባለበት ቆመ።

አስር ደቂቃ አለፈ። ሃያ አለፈ። ስልኳ ጮኸ።

«እትዬ ኬዚያ!» ብራዮኒ ነበረች፤ ከኋላዋ ሰው ሲጮህ ይሰማል። «መወጣጫው አናት ላይ ቆመዋል! አልነቃነቅ ብለዋል። ውኃው እየሸሸ ነው፣ ካፒቴኑ ሊዘጋ ነው እያለኝ ነው። ፈቃድ ላይ እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ማስገደድ አልችልም። ግን ቢመጡ፣ ጀርባዎን ሰጥተውም ቢሆን፣ ለአንዲት ሰዓት የቀኑን ሶስት እጥፍ አስከፍልልዎታለሁ።»

ኬዚያ ተነስታ ቆመች። ጥቂት ደቂቃ ይበቃታል። ያን ድንጋይ ዓይኗን ጨፍና ታወርደዋለች። ወንድሞቿ አራት ዓመት የለፉበት ነው፤ ቢወድቅ፣ ቢሰነጠቅ፣ ሶስት መቶው እንግዳ መንገድ ጀምሯል። አክስቷ ሮሲና ቀና ብለው አዩዋት።

«ምን እያደረገ ነው?» አለች ኬዚያ።

«ምንም! ቁጭ ብለዋል! ባናግራቸው አይመልሱም፣ ዝም ብለው ውኃውን ነው የሚያዩት!»

ኬዚያ ነገሩ ገባት። ጠዋት ከደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ነበር፤ እንዲህ ሲነፍስ ማዕበሉ ጀልባዋን ያነሳል፣ መወጣጫውም አብሮ ይነሳል፣ ይወርዳል። እሷ ብትሆን ክንዶቹን እያየች በእልህ ትነዳው ነበር። አንድ ቀን አንዲት ትልቅ ማዕበል እንደምታገኛት ሁልጊዜ ትፈራ ነበር። ማላካይ ግን ክንዶቹን ምን ያደርጋቸዋል። እሱ ማዕበል እየቆጠረ ነው፤ አባቷ እንዳስተማሩት።

«ውኃውን እያየ ከሆነ ተይው» አለች። «ለካፒቴኑም ንገሪው። ባሕሩን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው እዚያ ጀልባ ላይ የለም።»

«እትዬ ኬዚያ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ባሌ ነው» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ተቀመጠች። መርፌውን ስታነሳ ክሩ ወጥቶ ነበር። ሮሲና ተቀብለዋት ክሩን አስገቡላት። ማዶ ሞተሩ ባለበት ያንጎራጉራል። አንድ ማዕበል ኮንክሪቱን ሲመታ ተሰማ። ሌላ መታ። ሶስተኛው ሲያልፍ ሞተሩ ጮኸ፣ ጎማው መወጣጫውን ተሻግሮ ኮንክሪቱ ላይ ዱብ አለ፤ ጢጥታው ቀስ እያለ ሜዳውን አቋርጦ ወደ መጋዘኑ ሄደ። ወደቡ ላይ ሰው አጨበጨበ። ኬዚያ ቀሚሱን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሐዘን አልነበረም፤ ኩራት ነው፣ ይኸው ነው። በአባቷም፣ በባሏም፣ እሷ በሌለችበት ስራዋ እንደሷ አድርጎ በመሰራቱም ኮራች።

ማላካይ ለምሳ መጣ። ጓሮ ሄዶ ሁለት ጊዜ ታጠበ፤ አሁንም የማሽኑን ጭስ እየሸተተ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ሮሲና ሩዝና በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ዓሣ አቀረቡለት። ማንኪያውን ወደ ጎን አስቀምጦ በእጁ መብላት ጀመረ። ስለ ድንጋዩ ልትጠይቀው አትችልም፤ ቀለሙን፣ ጽሑፉን፣ የቆመበትን ቦታ እስኪገለጥ ድረስ ልጅ አይጠይቅም። እሱም ያውቃል።

በኋላ አፉን ጠርጎ ወደሷ ዞረ። «አባታችን ደህና ገብተዋል» አለ።

አንገቷን ነቀነቀች።

«ስንት ደቂቃ ፈጀ?»

«ሃምሳ።»

«እኔ በሃያ አወርደው ነበር።»

ማላካይ የዓሣውን ጭንቅላት ከሳህኑ አንስቶ በጥንቃቄ ከፈለው፣ ጉንጩ ላይ ያለውን ለስላሳውን ሥጋ ለሷ አስቀመጠላት።

«አንቺ ፈቃድ ላይ ነሽ» አላት። «ብዪ።»